ባዶውን የሚመለስ አውሮፕላን

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይደበዝዛል]

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሕግ ነው፤ ግን ከፍርድ ቤት አልጀምርም፣ ከአውሮፕላን ነው የምጀምረው። አስቀድሜ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ ላይ ወደ ሀገራችን ስንመለስ ወደ ራሳችን ዘመን እገባለሁ፤ ያኔ እነግራችኋለሁ።

ጊዜው የ1970ዎቹ መግቢያ ነው። ጃፓን በሥራ ተወጥራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃና ጨርቃ ጨርቅ በአውሮፕላን እየጫነች ወደ ሰሜን አሜሪካ ትልካለች። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ወደ ቶኪዮ ሲዞር የሚጭነው የለም። ባዶ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ጠይቁ፤ ነዳጁን አስልቶ ይነግራችኋል። የጃፓን አየር መንገድ ሰዎችም ምን ጭነን እንመለስ እያሉ ሲያፈላልጉ፣ ካናዳ ውስጥ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ላይ አንድ ነገር አገኙ።

እዚያ ሰዎች ለስፖርት ብለው ግዙፍ ዓሣ ያጠምዳሉ። ዓሣውን በገመድ ሰቅለው አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያስ? ከዚያ ይጥሉታል፤ ቢበዛ ለድመት ምግብ ይሸጡታል። ሥጋውን ለገበታው የሚፈልግ አልነበረም። በ1972 ነሐሴ ወር ከዚህ ዓሣ ጥቂቱ በበረዶ ታሽጎ በዚያ ባዶ አውሮፕላን ተጫነ፤ ቶኪዮ፣ ጹኪጂ በሚባለው የዓሣ ገበያ ለጨረታ ቀረበ። ጃፓኖቹ ወደዱት። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው።

ዓሣው የአትላንቲክ ብሉፊን ቱና ይባላል። ቱና ስል ወዲያው ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ እንደሚታያችሁ አውቃለሁ፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ለውሰን፣ ዳቦ ውስጥ ከትተን የምንበላው። ያኛው ሌላ ነው። በቆርቆሮ የሚታሸገው አብዛኛው ስኪፕጃክ ወይም የሎውፊን የሚባሉት የቱና ዘመዶች ናቸው። ብሉፊን የዘመዶቹ ሁሉ ታላቅ ነው። ርዝመቱ ከ3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በ1979 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በመቃጥን የተያዘ አንዱ 679 ኪሎ መዝኗል። የሀገራችንን በሬ አስቡና በሁለት አባዙት። ሌላም የሚገርም ነገር አለው፤ እንደ አብዛኛው ዓሣ ከባሕሩ ጋር አብሮ አይቀዘቅዝም፣ የራሱን ሙቀት ጠብቆ ይዋኛል። ስለዚህ ከቀዝቃዛው ሰሜን እስከ ሞቃቱ ደቡብ ያለው ውቅያኖስ ሁሉ መንገዱ ነው። አትላንቲክን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል።

ሲራባ ግን ወደ ተወለደበት ይመለሳል። ዋናዎቹ የመራቢያ ቦታዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሌላው የሜዲትራኒያን ባሕር። በሜዲትራኒያን ከግንቦት ጀምሮ ውኃው ሲሞቅ፣ በስፔን ባሊያሪክ ደሴቶች ዙሪያ፣ በማልታና በሲሲሊ አጠገብ፣ በሊቢያ ዳርቻ፣ እስከ ቆጵሮስና ቱርክ ድረስ በመንጋ በመንጋ ይሰበሰባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ። ዓመቱን ሙሉ ውቅያኖስ ላይ ተበትኖ የኖረ ዓሣ፣ ዘር ለመተካት ሲሰበሰብ ነው በቀላሉ የሚያዘው።

[አጭር ሙዚቃ]

እሺ፣ አሁን ሕግ ወዴት አለ? ዓሣው ሊያልቅ ከሆነ ለምን አልከለከሉም? ለመከልከል በመጀመሪያ ከልካይ ያስፈልጋል። ባሕር ላይ ደግሞ ከልካይ ማግኘት ቀላል አይደለም። በ1982 በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት አንድ ሀገር ከዳርቻው እስከ 200 የባሕር ማይል፣ ማለት 370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባለው ውኃ ውስጥ ያለውን ዓሣ ያስተዳድራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የማንም ነው። የማንም የሆነ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ እናውቃለን።

በዚያ የማንም በሆነው ባሕር ላይ የሚሠራው ሕግ የመርከቧ ባንዲራ ሕግ ነው። እኛ የባሕር በር ባይኖረንም የንግድ መርከቦቻችን ባንዲራችንን እያውለበለቡ ቀይ ባሕርን ያቋርጣሉ፤ በነሱ ላይ የሚሠራው የኢትዮጵያ ሕግ ነው። የዓሣ መርከብም እንዲሁ ነው። እንግዲህ አንድ ባለመርከብ የራሱ ሀገር ሕግ ከጠበቀበት፣ ሕጉ ወደላላ ሀገር ሄዶ ባንዲራ ያስመዘግባል። መርከቧ ያችው፣ ሠራተኞቹ እነዚያው፣ መረቡም ያው። የተለወጠው ጨርቁ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ወደ መንዝ ልውሰዳችሁ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር። የአካባቢው ሰው ይህን የወል ሀብት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ በአባ ቄራ የሚመሩ ጠባቂዎች ይዞሩት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ይከፈትና ሁሉም ያጭድ ነበር። ይህን የጠቀስኩት ለጌጥ አይደለም። ከቅጣቶቹ አንዱን እንድትሰሙልኝ ፈልጌ ነው። በተከለከለ ጊዜ ሣር ቆርጦ ቤቱን የከደነ ሰው፣ ቤቱ ይቃጠልበት ነበር።

ጭካኔው ይቆየንና ብልሃቱን እንይ። ጓሳ ሰፊ ነው፣ ጉምም ይወርዳል፤ ሌሊት ገብቶ የሚያጭደውን ሁሉ እየተከታተሉ መያዝ አይቻልም። ጣራ ግን አይደበቅም። ሲያጭድ ያልታየ ሰው ሲከድን ይታያል። መንዞች ሕጉን ከሜዳው አንሥተው ጣራው ላይ አኖሩት። የብሉፊን ቱና ነገር የተስተካከለው፣ ዓለም ይህችን ብልሃት ዘግይቶ ሲማር ነው ብዬ አምናለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለአትላንቲክ ቱና ሕግ የሚያወጣ አካል ቀድሞም ነበረ። በ1966 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመ፣ ስምምነቱ በ1969 ሥራ ላይ የዋለ፣ ጽሕፈት ቤቱ ማድሪድ የሆነ፤ የአትላንቲክ ቱናዎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ይሉታል፣ በአጭሩ አይካት። አባል ሀገሮች በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይሰበሰባሉ፣ ሳይንቲስቶቻቸው ይህን ያህል ቶን ብትይዙ ነው የሚበጀው ይሏቸዋል፣ ልዑካኑ ይከራከሩና ኮታ ይከፋፈላሉ። በውሳኔው ያልተስማማ አባል በጽሑፍ ተቃውሞ ካስገባ ውሳኔው አያስገድደውም። ተቺዎቹ የአይካትን የእንግሊዝኛ ፊደላት እንደያዙ ትርጉሙን አጣመውት፣ ቱናን ሁሉ ለማጥመድ የተዶለተ ዓለም አቀፍ ሴራ ይሉት ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ያለ ምክንያት የተቀለደ አይደለም።

ምክንያቱን ቁጥሩ ይናገራል። በ2007 ለምሥራቅ አትላንቲክና ለሜዲትራኒያን የተፈቀደው ኮታ 29,500 ቶን ነበር። የኮሚሽኑ የራሱ ሳይንቲስቶች በዚያ ዓመት በእርግጥ የተያዘው 61,000 ቶን ገደማ ነው ብለው ገመቱ። ልድገመው፤ የተፈቀደው 29,500፣ የተያዘው 61,000። በ2008 ሳይንቲስቶቹ ከ15,000 ቶን አትለፉ አሏቸው። ልዑካኑ በዚያው ኅዳር ማራካሽ ላይ ተሰብስበው 22,000 ወሰኑ። ኮሚሽኑ ሥራውን እንዲገመግሙለት ራሱ የጠራቸው የውጭ ባለሙያዎች በዚያው ዓመት ባቀረቡት ሪፖርት፣ የብሉፊን አስተዳደሩ ዓለም አቀፍ ውርደት ተደርጎ እየታየ ነው ብለው ጻፉ። በዲፕሎማሲ ዓለም እንዲህ ያለ ቃል አይጻፍም፤ ተጻፈ።

ታዲያ ያ ሁሉ ዓሣ የት ገብቶ ነው ከመዝገብ የጠፋው? ይህ የታሪኩ ሆድ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሜዲትራኒያን አዲስ ሥራ ተስፋፋ። ትላልቅ መርከቦች ሊራባ የተሰበሰበውን መንጋ በሰፊ መረብ ይከቡታል፣ የመረቡንም ታች እንደ ከረጢት አፍ ሸምቅቀው ይዘጉታል። ግን ዓሣውን ወደ መርከቡ አያወጡትም። ባሕር ውስጥ እንዳለ፣ በሕይወቱ፣ በውኃው ውስጥ በር ከፍተው ወደ ተንሳፋፊ ጉረኖ ያስገቡታል። ጉረኖውን በጎታች ጀልባ ቀስ እያሉ፣ ሳምንታት ፈጅተው፣ ወደ ማልታ፣ ወደ ስፔን፣ ወደ ክሮኤሺያ ወይም ወደ ቱርክ ዳርቻ ይወስዱታል። እዚያ ለወራት ትንንሽ ዓሣ እየቀለቡ ያሰቡታል። ለበዓል በሬ እንደማድለብ ነው። ሲሰባ ታርዶ ወደ ጃፓን ይላካል፤ ጃፓን ስቡን ትወዳለች፣ ለስቡም ትከፍላለች።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሕጉ የሚናገረው በቶን ነው፤ ዓሣው ግን ሚዛን ላይ አይወጣም። መርከበኛው ጉረኖ ውስጥ ያስገባሁት 100 ቶን ነው ካለ፣ 200 አለመሆኑን ማን ያውቃል? ዓሣው ከወራት በኋላ ሲታረድ ከብዶ ቢገኝ፣ ሰብቶ ነው ይባላል። ከሌላ ሀገር ጉረኖ ጋር ቢቀላቀልስ? የፈረንሳዩ ዓሣ ከሊቢያው በምን ይለያል? በዚያ ላይ መርከቦቹ ኮታው ከሚፈልገው በቁጥር እጅግ የሚበልጡ ነበሩ፤ ከፊሎቹም የተሠሩት በአውሮፓ ኅብረት ድጎማ ነው። በአንድ እጁ ዓሣ አጥማጁን በቃህ እያለ በሌላው እጁ መርከብ የሚገዛለት መንግሥት ብዙ ሀገር ላይ ታይቷል፤ አውሮፓ ብቻዋን አይደለችም። የዓለም ንግድ ድርጅት ጎጂ የዓሣ ማጥመድ ድጎማን የሚገድብ ስምምነት ያጸደቀው በ2022 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ2025 መስከረም።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ዶሃ እንግባ። ዝግጅታችንን ከዚያ የምትከታተሉ ወገኖቻችን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በ2010 መጋቢት ከተማችሁ ውስጥ የተደረገ ነገር ነው።

ሳይተስ የሚባል ስምምነት አለ። ሊጠፉ የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት በሀገሮች መካከል እንዳይነገድባቸው ወይም ንግዳቸው እንዲገደብ የሚያደርግ፣ በ1973 ዋሺንግተን ላይ የተፈረመ። ኢትዮጵያም አባሉ ናት። የዝሆን ጥርስ ይዞ ድንበር ማለፍ ወንጀል የሆነው በዚህ ስምምነት ነው። ስምምነቱ አባሪዎች አሉት፤ አባሪ አንድ ውስጥ የገባ ፍጥረት በሀገሮች መካከል ለንግድ አይሸጥም። በ2009 ትንሿ ሞናኮ ተነሥታ ብሉፊን ቱናን አባሪ አንድ ውስጥ እናስገባው አለች። የተከሰሰው ዓሣ ማጥመዱ አይደለም፤ ዓሣው ድንበር ማለፉ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የተያዘ ዓሣ ፈረንሳይ ውስጥ ሊበላ ይችል ነበር። ነገር ግን አብዛኛውን የምትገዛው ጃፓን ስለሆነች፣ በሩ ቢዘጋ ገበያው አለቀ ማለት ነው። ጣራው ላይ መያዝ ያልኳችሁ ይህ ነው።

ጃፓን ዓሣ የአይካት ጉዳይ እንጂ የሳይተስ አይደለም ብላ በብርቱ ተከራከረች። የሳይተስ አባላት ዶሃ ላይ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት በነበረው ምሽት የጃፓን ኤምባሲ ለልዑካን ግብዣ አደረገ። ገበታው ላይ ከቀረበው ምግብ አንዱ ምን ነበር? ብሉፊን ሱሺ። የሚከራከሩበትን ዓሣ በሉት። በማግሥቱ ውይይቱ ገና ሳይሞቅ የሊቢያ ልዑክ ክርክሩ ይብቃ፣ አሁኑኑ ድምፅ ይሰጥ ብለው ጠየቁ፤ ተሰጠም። ድጋፍ 20፣ ተቃውሞ 68፣ ድምፀ ተአቅቦ 30። ሐሳቡ ወደቀ።

የዚያን ሰሞን ብዙ ጋዜጣ የብሉፊንን መርዶ ጻፈ። እኔ ግን ነገሩን ስመለከተው፣ የዶሃው ሽንፈት ከብዙ ድል የበለጠ ሥራ ሠርቷል ባይ ነኝ። ቀኖቹን ልብ በሉልኝ። የሞናኮ ሐሳብ በ2009 ቀረበ፤ ድምፁ የተሰጠው በ2010 መጋቢት ነው። በመካከሉ፣ በ2009 ኅዳር፣ አይካት ብራዚል ሬሲፌ ላይ ተሰበሰበ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሳይንቲስቶቹን 15,000 ንቆ 22,000 የወሰነው ያው ጉባኤ፣ አሁን ለ2010 ኮታውን 13,500 አደረገው። በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ላይ 12,900። ምን ተገኘ? ሳይንሱ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለየው ንግዱ ሊዘጋ ይችላል የሚል ዱላ ደጅ መቆሙ ነው። ዱላው አላረፈም፤ ግን ጥላው ይታይ ነበር።

ኮታ መቀነሱ ብቻውን ምንም ነው፤ 29,500 ተፈቅዶ 61,000 እንደተያዘ አይተናል። ዋናው በነዚያ ዓመታት ደረጃ በደረጃ የመጣው ጥርስ ነው። መርከቦቹ ከብበው የሚያጠምዱበት ወቅት ወደ አንድ ወር ገደማ ወረደ፤ የመራቢያው ጊዜ ሳይጠናቀቅ ሁሉም መረቡን ይሰበስባል። ከአውሮፕላን ሆኖ መንጋ መፈለግ ተከለከለ። ጥቂት ልዩ ፈቃዶች ቢኖሩም፣ ከ30 ኪሎ በታች የሆነ ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። ለምን 30? በዘፈቀደ አይደለም። የሜዲትራኒያን ብሉፊን በ4 ዓመቱ ገደማ ለመራባት ይደርሳል፤ ያኔ ክብደቱ በዚያ ዙሪያ ነው። ቢያንስ አንዴ ይውለድ ነው ነገሩ። እንስቷ በአንድ የመራቢያ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል፣ አንድ ክረምት ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያም ወረቀቱ መጣ። እያንዳንዱ ብሉፊን ከተያዘባት ሰዓት ጀምሮ ማን እንደያዘው፣ የት እንደያዘው፣ ወደ የትኛው ጉረኖ እንደገባ፣ መቼ እንደታረደ፣ ማን እንደገዛው የሚናገር ሰነድ አብሮት ይጓዛል። ሰነድ የሌለው ዓሣ በሕጋዊ ገበያ አይሸጥም። እንደ ከብት ገበያ ካርኒ ነው፤ ካርኒ የሌለው በሬ የማን እንደሆነ ማን ያምናል? መርከቦቹና ጉረኖዎቹ ላይ ለባለንብረቱ የማይታዘዙ ታዛቢዎች ተመደቡ። ሚዛን ላይ ለማይወጣው ዓሣም መላ ተገኘለት። ወደ ማድለቢያው ጉረኖ ሲገባ እንደ ሁለት ዐይን ጎን ለጎን በተጣመሩ ካሜራዎች ይቀረጻል፤ ከምስሉ ርዝመቱ ይሰላል፣ ከርዝመቱ ክብደቱ። እኔን ከዚህ ሁሉ ሕግ የማረከኝ ይህ ነው። ሕግ አውጪው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ጠልቆ ገብቶ፣ ውሸቱ የሚዋሽባትን ያችን የውኃ ውስጥ በር አገኛት።

የበላይ አካልም ሕጉን ለማስፈጸም ጨከነ። በ2008 ሰኔ የአውሮፓ ኮሚሽን ወቅቱ ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው የትላልቆቹን መርከቦች አጥማጅነት ዘጋ። ዓሣ አጥማጆቹ ጮኹ፣ ሚኒስትሮቻቸውም አብረው ጮኹ። ተዘግቶ ቀረ።

ዓሣው ተመለሰ። ኮታው እስከ 2014 ድረስ 13 ሺህ ቶን አካባቢ ቆየና በጥናት እየታየ ከፍ አለ፤ በ2018 ወደ 28,200፣ በ2020 ወደ 36,000፣ ከ2023 እስከ 2025 ደግሞ 40,570 ቶን። በ2011 ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ያስገባው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2021 መስከረም ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አወጣው። ሕጉን ብቻ ማመስገን ግን ትክክል አይሆንም። በ2003 የተፈለፈለው ትውልድ በተለየ ሁኔታ ብዙ ነበር፤ ኮታው ሲጠብቅ እነዚያ ዓሦች ለመራባት ደርሰው ነበር። ዝናብ በጣለበት ዓመት እርሻ ላይ የገባ ሠራተኛ ማለት ነው ሕጉ፤ ሠርቷል፣ ዝናቡም ረድቶታል።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚራባው የምዕራቡ ወገን ደግሞ ይህን ያህል ዕድል አላገኘም። ቁጥሩ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ያው ኅብረት መዝግቧል።

ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛው የክፍፍሉ ነገር ነው። ኮታው ሲከፋፈል ከሚታዩት መመዘኛዎች አንዱ ማን ቀድሞ ምን ያህል ይይዝ ነበር የሚለው ነው። ስለዚህ ባሕሩን ያራቆተው ትልቅ መርከብ ትልቅ ድርሻ ይዞ ቀጠለ፤ በመንጠቆ አንድ አንድ እያለ ሲይዝ የኖረው የደሴት አጥማጅ ግን ጥቂት ደረሰው። ዓሣውን ያዳነ ሕግ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ሌቦቹ ናቸው። በ2018 የስፔን ፖሊስ ከዩሮፖል ጋር ሆኖ ታራንቴሎ ብሎ በሰየመው ዘመቻ 79 ሰዎች ተያዙ፣ 80 ቶን ሕገ ወጥ ብሉፊን ተወረሰ። ዩሮፖል እንዳለው ይህ ሕገ ወጥ ንግድ በዓመት 2,500 ቶን ይደርስ ነበር። ዓሣው ከማልታ ጉረኖዎች ወደ ስፔን ይገባ የነበረው በተጭበረበረ ሰነድ ነው። ልብ በሉ፤ ሌቦቹን ያስያዛቸው ባሕር ላይ መገኘታቸው አይደለም። የተያዙት በሰነዱ፣ በመጋዘኑና በሽያጩ ነው። ጣራው ላይ።

ሕግ ሲዘገይ ምን እንደሚሆንም ማወቅ ለፈለገ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ አለችለት። የኮድ ዓሣ ሀገር ነበረች። ካናዳ በ1977 የ200 ማይሉን ወሰን አውጃ የውጭ መርከቦችን ገፋች፤ ግን በነሱ ቦታ የራሷን መርከቦች አሰማራች። በ1992 ሐምሌ 2 ቀን ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ማጥመድ መቆሙን ሲያውጁ የሚጠበቅ ዓሣ አልቆ ነበር። 30,000 ያህል ሰው ሥራ ፈታ። ለሁለት ዓመት የተባለው ክልከላ የተነሣው በ2024 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏችኋል ይህን ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ሀገራችንና ወደ ራሳችን የዘመን አቆጣጠር ተመልሻለሁ። ባሕር ባይኖረንም ያችን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር የሚያውቅ ሐይቅ አለን። በጣና ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንቲስቶች ላቤኦባርበስ የሚሉት ወገን አለ። ብዙዎቹ ዓይነቶቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የሉም። ክረምት ሲገባ ከፊሎቹ ዓይነቶች ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። እንደ ቱናው፣ በዚያው ሰዓት መረብ ይጠብቃቸዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ እነዚህ ወንዝ ወጪ ዓይነቶች ክፉኛ መመናመናቸውን ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። ቀረሶና አምባዛ የሚራቡት በሌላ መንገድ ነው፤ ወንዝ ወጪው ነጭ ዓሣ ግን በወንዙ በር ማለፍ ግዴታው ነው።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ አውጥቷል። እንግዲህ ጥያቄው ሕጉ የት ቆሟል የሚለው ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ተቆጣጣሪው ጥቂት፣ ክረምቱም ጭቃ። እያንዳንዷን ታንኳ መከተል አይቻልም። ዓሣው ግን የሚወርድበት ዳር ይታወቃል፣ በረዶ የሚጫንበት መኪና ይታወቃል፣ የሚጠበስበት ምግብ ቤት ታፔላ ሰቅሏል።

በባሕር ዳር፣ በጎርጎራ፣ በደልጊ፣ በየደሴቱ ሆናችሁ የምታዳምጡን ዓሣ አጥማጆች፣ ጻፉልን። የመረባችሁ ዐይን ስንት ጣት ያስገባል? በክረምት የወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚጥለው ማን ነው? ዓሣውን የሚገዛችሁ ሰው ከየት እንደያዛችሁት አንድ ቀን ጠይቋችሁ ያውቃል? ስማችሁ እንዳይጠቀስ ከፈለጋችሁ አንጠቅስም። መልሳችሁን ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እመለሳለሁ። ደህና እደሩ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]